የታደሰ ገጽ፦ ከሰዓት ፊት እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል



የዛሬው ንግግሬ ስለ አሮጌ ነገር መታደስ ነው። አንድ ጥንታዊ ዕቃ ገጹ ሲታደስ ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል? መታደሱን ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ምን ምን ይመለከታል? ይህን የምጠይቀው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አንድ መጽሐፍ ይዤ ነው። ወደ መጽሐፉ ከመግባቴ በፊት ግን ጥያቄውን አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ከሌላ ሙያ ልዋስ፤ ከአሮጌ የእጅ ሰዓት ሰብሳቢዎች። ምሳሌው ለሐይቅ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የገዳሙ አበምኔት ለብዙ ዘመን የተጠራበት ማዕርግ «ዐቃቤ ሰዓት» ነው፤ በቀጥታ ሲፈታ የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የአሮጌ ሰዓት ሰብሳቢ አንድ ሰዓት ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚመረምረው ፊቱን ነው። ፊቱ ቀለም የተቀባ፣ ቁጥርና የፋብሪካው ስም የታተመበት ስስ የብረት ሰሌዳ ነው። እርጥበትና ፀሐይ ያበላሹታል። በዚህ ጊዜ ሰዓት ሠሪው አሮጌውን ቀለም አጥቦ እንደ አዲስ ይቀባዋል፤ ጽሑፉንም እንደገና ያትምበታል። ባለቤቱ ሰዓቱ አማረለት፤ ሰብሳቢው ግን ዋጋውን ዝቅ አደረገ። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሰዓቶች ቢቀርቡ፣ አንዱ ደብዝዞ ነጠብጣብ የወጣበት ግን ያልተነካ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ግን የታደሰ ቢሆን፣ ከፍ ያለውን ዋጋ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ የደበዘዘው ነው። ለተራው ገዢ እንግዳ የሚመስለው ይህ ፍርድ የራሱ አመክንዮ አለው። ሰብሳቢው የሚገዛው ጊዜ ቆጣሪ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ዘመን የሚመሰክር ዕቃም ነው። የምስክሩ ቃል ታጥቦ በሌላ እጅ ከተጻፈ ደግሞ ምስክርነቱ ይጎድላል።

የታደሰውን ፊት የሚለዩባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የቦታ ነገር ነው። የፋብሪካው ማተሚያ ፊደላትን በቀጭንና በጠራ ጠርዝ ያሳርፋል፤ የአዳሹ እጅ ፊደሉን ያወፍረዋል፣ የደቂቃ መስመሮቹን ከቁጥሮቹ ጋር ሳያገጥም ይቀራል፣ በፊቱ ግርጌ ሰዓቱ የስዊዘርላንድ ሥራ መሆኑን የሚገልጹትን ደቃቅ ፊደላት ይዘላል ወይም ያዛባል። ሁለተኛው የቁስ ነገር ነው። በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ በራዲየም ይቀቡ ነበር፤ በ1960ዎቹ ቦታውን ትሪቲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወሰደ፤ ይህንም ለማመልከት በፊቱ ግርጌ «ቲ» የሚል ፊደል ይታተም ጀመር። እንግዲህ በ1940ዎቹ በተሠራ ሰዓት ላይ ይህ ፊደል ቢገኝ፣ ፊቱ ከሰዓቱ ጋር አልተወለደም። ሦስተኛው አብሮ የማርጀት ነገር ነው። በቁጥሮቹና በጠቋሚዎቹ ላይ ያለው የሚያበራ ቀለም በአንድ ቀን ከተቀባ በአንድነት ይጠይማል። አንዱ ጠይሞ ሌላው ነጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሁለቱ አንዱ እንግዳ ነው።

ቦታ፣ ቁስ፣ አብሮ ማርጀት። እነዚህን ሦስት ፈተናዎች ይዘን ወደ ሐይቅ እንሂድ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት ስፍራ ዛሬ በልሳነ ምድር ከየብሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ በጥንት ጊዜ ግን ደሴት ነበር። በደብረ ዳሞ የተማረው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 በዚህ ስፍራ አበምኔት ሆኖ የገዳሙን ሥርዐት አቆመ፤ በ1293 እስካረፈ ድረስም መራው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ መነኮሳት በዚህ ገዳም ተምረዋል። ገዳሙ የመጻሕፍት ማኖሪያም ሆነ። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረክበው ደሴቱን ከጥፋት እንዳዳኑ የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ይተርካል። ከዚያ ዘመን ዐልፈው ለእኛ ከደረሱት አንዱ ኢየሱስ ሞዓ ራሱ አስጽፎ ለገዳሙ የሰጠው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ነው። የማሳረጊያ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዓመት ይናገራል፤ 1280/81፣ በእኛ አቆጣጠር 1273 ዓ.ም.። የተጻፉበት ዓመት በራሳቸው ውስጥ በግልጽ ከተመዘገበላቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከጥንታውያኑ ተርታ ይመደባል። በውስጡ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለ።

እዚህ ላይ ተማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የማሳረጊያው ጽሑፍ ዓመት መጽሐፉን ይወስናል እንጂ እያንዳንዱን ገጽ አይወስንም። በሀገራችን ወንጌል የሚነበብ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ የገዳሙ መዝገብ ቤትም ነበር። ንጉሥ ርስት ሲሰጥ፣ አበምኔት ሲሾም፣ ንዋየ ቅድሳት ሲቆጠር፣ መጻሕፍት ሲዘረዘሩ፣ ይህ ሁሉ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ በወንጌል ላይ የሰፈረውን ቃል ማንም አይደፍረውም ተብሎ ይታመን ነበርና። ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 ያሳተመው የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ «ወንጌለ ወርቅ» የዚህ ልማድ ታዋቂ ምሳሌ ነው። የሐይቁም ወንጌል እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ከ1248 እስከ 1535 ስለነበሩት የደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት የዚህን ገዳም ጽሑፎች የታሪክ ምንጭ አድርገው አሳይተውናል። ስለዚህ ይህን ወንጌል የሚከፍት ሰው አንድ ገጽ ብቻ ሳይሆን የብዙ ትውልድ እጆች በየተራ የጻፉበትን ሰሌዳ ነው የሚያየው።

እነዚህን እጆች እንዴት እንለያቸዋለን? የመጀመሪያው ፈተና ቦታ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመር አስምሮ፣ ዐምዱን ለክቶ ነው የሚጽፈው። በኋላ የተጨመረ ጽሑፍ በዚህ መስመር ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ወይ ይጨናነቃል፣ ወይ ይለጠጣል፣ ወይ ወደ ኅዳጉ ይፈስሳል። ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በተፋቁ ስሞች ላይ ነው። በሀገራችን መጻሕፍት ውስጥ የአስጻፊው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ወይም ሲወሰድ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይተካል። የረጅም ስም ቦታ ለአጭር ስም ሲተርፍ፣ አዲሱ ጸሐፊ ፊደላቱን አራርቆ ይጽፋል ወይም ክፍተቱን ባዶ ይተወዋል። የአጭር ስም ቦታ ለረጅም ስም ሲጠብ ደግሞ ፊደላቱ ይደቃሉ። ብራናውም በዚያ ስፍራ ይሳሳል፤ ለብርሃን አዙሮ ያየው ሰው ጸጉሩ እንደ ተነሣ ቆዳ ሻካራ ሆኖ ያገኘዋል።

ለምን እንዲህ በቀላሉ ይፋቃል? ይህ ወደ ሁለተኛው ፈተና፣ ወደ ቁሱ ያመጣናል። የሀገራችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ በብራናው ላይ ያርፋል እንጂ፣ እንደ አውሮፓው የብረት ቀለም ቆዳውን በልቶ ወደ ውስጥ አይገባም። ጥቁረቱን ለዘመናት ቢጠብቅም ለውኃና ለስለት የተጋለጠ ነው፤ ሲፋቅም የሚተወው ዱካ ጥቂት ነው። በሥዕል ረገድ ቁስ ይበልጥ ይመሰክራል። የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም በበርሊን የተገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰው ሠራሹ አልትራማሪን ሰማያዊ በፈረንሳይ የተሠራው በ1820ዎቹ ነው፤ የቲታኒየም ነጭ በገበያ የተስፋፋው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ሥዕል ላይ ከነዚህ አንዱ ቢገኝ፣ ቢያንስ ያ ክፍል በኋላ ዘመን ተነክቷል ማለት ነው፤ በ1940ዎቹ ሰዓት ላይ እንደ ተገኘው «ቲ» ፊደል። የፊደሉ አጣጣልም እንደ ቁስ ይቆጠራል። የጥንቱ የግእዝ አጻጻፍ ቀጥ ያለና ማዕዘናዊ ሲሆን ከዘመን ወደ ዘመን መልኩ ተለውጧል፤ ዚግበርት ኡሊግ በ1988 ያሳተመው የኢትዮጵያ ፊደል አጻጻፍ ጥናት ይህን ለውጥ በየዘመኑ ከፍሎ ያሳያል።

ሦስተኛው ፈተና አብሮ ማርጀት ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነውም ይህን ነው። መጽሐፍ እንደ ሰው አብሮ ያረጃል። የውኃ እድፍ ከቅጠል ወደ ቅጠል ያልፋል፤ የጧፍ ሰም ይንጠባጠባል፤ ብል በአንድ ቀዳዳ ብዙ ቅጠል ይበሳል። እድፉ በአሥር ቅጠሎች ላይ ታይቶ በመካከል አንዱን ቅጠል ከዘለለ፣ ያ ቅጠል እድፉ በደረሰ ጊዜ በዚያ አልነበረም። ጽሑፉ በእድፉ ላይ ተረማምዶ ካለፈ፣ ጽሑፉ ከእድፉ በኋላ የመጣ ነው። ቀለሙ የወፈረ ሥዕል በፊቱ ለፊት ባለው ገጽ ላይ ደብዛዛ ጥላ ያሳርፋል፤ ጥላው ከሌለ ሁለቱ ገጾች ከጥንት ጀምሮ ጎረቤት አልነበሩ ይሆናል። ጥራዙንም መቁጠር ያሻል፤ በአራት እጥፍ ብራና ስምንት ቅጠል ሆኖ በሚጠረዝ መጽሐፍ ውስጥ ዘጠነኛ ቅጠል ከተገኘ፣ ከየት መጣህ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የኢየሱስ ሞዓን ሥዕል የሚያጠና ሰውም ሥዕሉ ያለበት ቅጠል ከማሳረጊያው ጽሑፍ ጋር በአንድ ጥራዝ ተወልዶ እንደ ሆነ፣ የሥዕሉም መግለጫ በወንጌሉ ጸሐፊ እጅ ተጽፎ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ክሌር ቦስ ትዬሴ በ2010 ባሳተመችው ጥናት ይህን ሥዕል በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመታት መገናኛ ላይ ከነበረው የቅድስናና የነገሥታት ጣልቃ ገብነት ጥያቄ ጋር አያይዛ መመርመሯ፣ አንድ ገጽ ምን ያህል ታሪክ እንደሚሸከም ያሳያል።

አብዛኞቻችን ግን መጽሐፉን በእጃችን አንዳስሰውም። ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት ትብብር በተካሄደው ታላቅ ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ የሐይቁ ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥር 1832 ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ዝርዝር ባይኖር ኖሮ የዚህ መስክ ጥናት ዛሬ የት በቆመ ነበር? ይሁን እንጂ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ቀለም፣ የጥንቱንና የትናንቱን ቀለም በአንድ ግራጫ ያስተካክላል፤ የብራናውን መሳሳትም አያሳይም። በፊልም ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ ሰዓትን በጋዜጣ ፎቶግራፍ እንደሚገምት ነጋዴ ነው። ፊልሙ ቃሉን ይሰጠናል፤ የቃሉን ዕድሜ ለመወሰን ግን ወደ ብራናው መመለስ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን? ስለ ጥቂት ፊደላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ የረዳው ቅዱስ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። የሐይቅ ወገን ኢየሱስ ሞዓ ነው ይላል፤ የደብረ ሊባኖስ ወገን ተክለ ሃይማኖት ነው ይላል። ክርክሩ የክብር ብቻ አልነበረም፤ የርስትና የማዕርግም ነበር። በመካከለኛው ዘመን በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ስፍራ የነበረው የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ነው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኀ ጽዮን ከንጉሡ አጠገብ የነበረው ኀይል የታወቀ ነው። በኋላ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ያንን ስፍራ ወሰደ። ስታኒስላስ ኩር በ1965 ያሳተመው ገድለ ኢየሱስ ሞዓም የተጻፈው ቅዱሱ ካረፈ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። እንግዲህ በወንጌሉ ቅጠል ላይ የአንድ ንጉሥ ስም ያለበት የርስት ቃል ስናገኝ፣ በንጉሡ ዘመን ተጻፈ ወይስ መብቱ በተነካ ጊዜ የኋላ ትውልድ አድሶ ጻፈው የሚለውን ሳንለይ ብንጠቅሰው፣ የ15ኛውን መቶ ዓመት ክርክር የ13ኛው መቶ ዓመት ማስረጃ አድርገን እናቀርባለን። የኋላ ቅጂ ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛውን ቃል ከሚፈርስ ቅጠል ወደ ደኅናው ቅጠል ያሻገረ ታማኝ ጸሐፊ ብዙ ነው። ቢሆንም ታማኙንም ተከራካሪውንም የምናውቀው ጊዜያቸውን ስናውቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሰዓቱ ምሳሌ አገልግሎናል። ከዚህ በኋላ ግን ልለየው ይገባል። ሰዓት ሰብሳቢው የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ከፋብሪካ የወጣበትን። ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ለእርሱ ጉድለት ነው። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ሊያስብ አይችልም። የተፋቀ ስም አስጻፊውን ቢነሣንም፣ መጽሐፉን ከእጁ የወሰደውን ሰው ይሰጠናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ያኖሯቸው መጻሕፍት፣ በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተወስደው 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ያለው እያንዳንዱ የባለቤትነት ማስታወሻና እያንዳንዱ ፍቀት የጉዞው ካርታ ነው። በገበያ ዐይን ጉድፍ የሚባለው በእኛ ዐይን ሰነድ ነው።

ከዚያ ስብስብ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተመለሰውን ክብረ ነገሥት ተመልከቱ። በታኅሣሥ 1872 መጽሐፉ ሲመለስ የሙዚየሙ ኀላፊ፣ በባለዐደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን ከነቀኑ በመጽሐፉ ላይ ጽፎ ፈረመ። ይህም በብራና ላይ የተጨመረ የባዕድ እጅ ነው። ሆኖም ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደ ጻፈው ስለሚናገር የመጽሐፉን ታሪክ አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። በአንጻሩ ነጋዴዎች የአንድን አሮጌ ዳዊት ባዶ ቅጠል ፈልገው አዲስ ሥዕል በማስጨመር ለውጭ ገዢ የሚያቀርቡበት ልማድ አለ። በዚህኛው ላይ የሥዕሉ እጅ ራሱን ይሰውራል፤ ትርፉም ከመሰወሩ የሚገኝ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በብራናው ላይ ያደረጉት ነገር ይመሳሰላል፤ የሚለያቸው መግለጥና መሰወር ነው።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። በመጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ዘወትር የምናገኘው የውግዘት ቃል መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል፤ ሁለቱም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዙ ይሁኑ ይላል። ሌባው መጽሐፉን ከቦታው ይወስዳል፤ ፋቂው ቦታውን ከመጽሐፉ ይወስዳል። በዚያው ልክ ደግሞ ያረጀን መጽሐፍ መጠገን፣ የተበጠሰ ጥራዝ መስፋት፣ የጠፋ ፊደልን ማጉላት የጽድቅ ሥራ ነው። ለገዳሙ ወንጌሉ በሕይወት ያለ መጽሐፍ ነው፤ በመሠዊያ ላይ ይነበባል፣ ሕዝቡ ይሳለመዋል። የታሪክ ተማሪ ወደ ገዳም ሄዶ «ለምን ነካችሁት?» ብሎ መነኮሳቱን ሊገሥጽ አይገባውም። መጻሕፍቱን ለሰባት መቶ ዓመታት ያቆዩልን እነርሱ ናቸውና።

ነገር ግን የዛሬው መታደስ ከቀድሞው በፍጥነቱና በቁሱ ይለያል። የገበያ ብዕር የደበዘዘን ፊደል በደቂቃ ያጎላል፤ የፕላስቲክ ማጣበቂያ የተቀደደን ቅጠል በቅጽበት ይይዛል፣ በኋላም ቆዳውን ይዞት ይነሣል፤ የዘይት ቀለም አሮጌውን የግድግዳ ሥዕል በሳምንት ውስጥ ይሸፍነዋል። ከላይ የዘረዘርኋቸው ሦስት ፈተናዎች ታድሷል ወይስ አልታደሰም ለሚለው መልስ ይሰጣሉ፤ ከሥር የነበረውን ግን ሁልጊዜ አይመልሱም። በሕግ ረገድ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል። አዋጁ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም በየደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚወሰነውን ሁሉ አዋጅ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም።

ስለዚህ ለመስክ ሥራ ወደ ሐይቅ፣ ወደ አምባሰልና ወደ ግሸን ለምትወጡ ተማሪዎች ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የአንድን ጽሑፍ ቃል ስትገለብጡ ቦታውን፣ ቀለሙንና እድፉን አብራችሁ መዝግቡ፤ በየትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ኅዳግ፣ በመስመሩ ላይ ወይስ ከመስመሩ ውጭ። ሁለተኛ፣ የተፋቀ ስፍራ ስታገኙ ዘልላችሁ አትለፉ፤ ርዝመቱን ለኩ፣ በላዩ የተጻፈውን ስም ጻፉ፣ ብርሃን አግድማችሁ ፎቶግራፍ አንሡት። ሦስተኛ፣ ገዳሙ ወይም ደብሩ መጽሐፍ ሊያስጠግን ሲያስብ ከሰማችሁ፣ ሥራው ሳይጀመር ቅጠሎቹ በቀለም ፎቶግራፍ እንዲነሡ፣ ካለቀም በኋላ ምን እንደ ተደረገ፣ በማን እንደ ተደረገና መቼ እንደ ተደረገ በተለየ ወረቀት ተጽፎ ከመጽሐፉ ጋር በማኅደሩ እንዲቀመጥ በትሕትና ለምኑ። ይህ ለገዳሙ አዲስ ሥርዐት አይሆንበትም። ኢየሱስ ሞዓ ወንጌሉን ሲያስጽፍ ስሙንና ዓመቱን አጽፎ ነው ያስረከበው፤ ዛሬ ስለዚያ መጽሐፍ በእርግጠኝነት ለመናገር የቻልነውም በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉን የሚያድሱ እጆችም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች የእኛን ዘመን ከሌላው ዘመን ለይተው ያነብባሉ።